ደሙን የሚጠርገው ማን ነው?

ይህ ጽሑፍ ትምህርት ሊከፈት ሰሞን፣ አዲስ አበባ በነርስነት በምሠራበት ትምህርት ቤት ለመምህራንና ለሠራተኞች በደም ከሚተላለፉ በሽታዎች ስለ መጠንቀቅ ያደረግሁት ንግግር ነው። በሌሎች ትምህርት ቤቶች ያሉ ባልደረቦቼ ስለጠየቁኝ እንደተናገርኩት ጻፍኩት።

እንደምን አደራችሁ!

በር ላይ የቆማችሁ፣ ግቡ እንጂ፤ ወንበር ሞልቷል። ጋሼ፣ እርስዎም ይግቡ፤ በሩን ለአንድ ሰዓት ሌላ ሰው ይዞልዎታል። የወጥ ቤት እህቶቼ፣ ወደ ፊት ቅረቡ።

ዳይሬክተራችን «ለመምህራኑ ስለ መጀመሪያ እርዳታ ትንሽ ንገሪልን» ሲሉኝ አንድ ነገር ለመንኳቸው። ጽዳቶቹም፣ ጥበቃዎቹም፣ የኬጂ ሞግዚቶቹም፣ ወጥ ቤት ያሉትም ይግቡ አልኳቸው። እሺ አሉኝ፤ አመሰግናለሁ። ለምን እንደለመንኳቸው በአንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

ከዓመታት በፊት ሌላ ትምህርት ቤት እሠራ ነበር። ሰኞ ጠዋት ነው። ልጆች ተሰልፈው ሰንደቅ ዓላማ እየተሰቀለ ነው። አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ነሰረው። ሸሚዙ ባንዴ ቀይ ሆነ። የክፍሉ ኃላፊ ሮጣ ደርሳ በጋዋኗ እጅጌ አፍንጫውን ያዘችለት። አንዱ መምህር «ቀና በል! ወደ ላይ እይ!» ይላል። ሌላዋ ከሃይላንድ ውሃ በራሱ ላይ ታፈሳለች። እኔ ጓንቴን አጥልቄ ደረስኩ። ልጁን ክሊኒክ አስገባሁት። ደሙ ቆመ፣ ሸሚዝ ተፈልጎለት ለበሰ፣ ወደ ክፍሉ ሄደ። በሰላም አለቀ ብዬ ቁጭ አልኩ።

ከዚያ በመስኮት ወደ ሜዳው አየሁ። የዚያ ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ሲሚንቶው ላይ ቁጢጥ ብለው ደሙን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረጉ ነው። በባዶ እጃቸው። ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ይጨምቁታል፣ መልሰው ይጠርጋሉ፣ መልሰው ይጨምቁታል። ውሃው ቀልቷል። አመልካች ጣታቸው ላይ ቁስል ነበረባቸው። ቤታቸው ሽንኩርት ሲከትፉ የተቆረጡት ነው። ያን ዕለት ጠዋት አሳይተውኝ፣ ፕላስተር አልቆብኝ፣ በቁራጭ ጨርቅ ያሰርኩላቸው እኔ ነኝ።

እኔ ጓንት ነበረኝ። ክትባቴንም ጨርሼ ነበር። እሳቸው ሁለቱም አልነበራቸውም።

ያን ቀን ሥራ መሥራት አቃተኝ። ትምህርት ቤት ውስጥ ደም ሲፈስ የሁላችንም ዓይን ልጁ ላይ ነው። መሆንም አለበት። ልጁ ከሄደ በኋላ ግን ደሙ እዚያው ነው። ማን ነው የሚጠርገው? በምን ይጠርጋል? ማን አሳየው? ማን አስከተበው? እነዚህን ጥያቄዎች ከዚያ በፊት ጠይቄ አላውቅም ነበር። ዛሬ ግን እዚህ ስቆም ሌላ የምነግራችሁ ነገር የለኝም፤ እነዚህኑ ነው።

በደም የሚተላለፉ በሽታዎች ብዙ ናቸው። እኛን የሚያሳስቡን ሦስት ናቸው፤ ኤች አይ ቪ፣ እንዲሁም ጉበትን የሚጎዱት ሄፓታይተስ ቢ እና ሄፓታይተስ ሲ። ሰው ሁሉ የሚፈራው የመጀመሪያውን ነው። አይፈረድበትም። እኔ ስማር ትምህርት ቤታችን ፀረ ኤድስ ክበብ ነበረው። ድራማ እንሠራለን፣ ግጥም እናነባለን፣ ቀይ ሪባን ደረታችን ላይ እንሰካለን። ስለ ሄፓታይተስ ግን አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። ነርሲንግ ስገባ ነው የሰማሁት።

አሁን ቁጥሩን ስሙኝ። ጥናቱ የተሠራው በሆስፒታል ሠራተኞች ላይ ነው። ቫይረሱ ያለበት ደም በነካው መርፌ ከተወጉ 1,000 ሰዎች ውስጥ ኤች አይ ቪ የሚይዛቸው 3 ገደማ ናቸው። በሄፓታይተስ ሲ የሚያዙት ከ100 ሰው ሁለት አይሞሉም። ሄፓታይተስ ቢስ? ያልተከተበ ሰው ከሆነ ከ100 ከ6 እስከ 30 ይደርሳል። ልዩነቱን አያችሁት? የምንፈራው አንዱን ነው፤ ቀድሞ የሚይዘን ግን ሌላው ነው።

በዚያ ላይ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ደም ደረቀ ብሎ አይሞትም። ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን የመያዝ አቅሙን ይዞ ይቆያል። ሰኞ ዴስክ ጠርዝ ላይ የደረቀች ጠብታ እሑድም እዚያው ናት። «ደርቋል፣ ምንም አይል» የምንለው ነገር እዚህ ላይ አይሠራም።

አገራችን ውስጥ ደግሞ ብርቅ በሽታ አይደለም። ጥናቶች ተሰባስበው ሲታዩ ከ100 ሰው 7 ገደማ ቫይረሱ በደሙ አለ። ኤች አይ ቪ በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 አዋቂ አንድ አይሞላም ነበር፤ ከተማ ላይ ግን ከዚያ ከፍ ይላል። በዓለም ደረጃ የዓለም ጤና ድርጅት ለ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት ሄፓታይተስ ቢ ይዟቸው የሚኖሩ ሰዎች 254 ሚሊዮን ናቸው። ከእነዚህ አብዛኞቹ መያዛቸውን አያውቁም። አያማቸውማ! ሥራቸውን ይሠራሉ፣ ልጅ ያሳድጋሉ፣ ያስተምራሉ፣ ይማራሉ።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «የወፍ በሽታ አይደለም እንዴ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። አዎ፣ ዓይን ቢጫ ሲሆን የወፍ በሽታ እንላለን። የሌሊት ወፍ አመጣው ይባላል። መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ተሄዶ ቅጠል ይጠጣል፣ ሰውየው ይድናል። ዳነ ማለት ነው? ነገሩ እንዲህ ነው። አዋቂ ሆነው በሄፓታይተስ ቢ ከተያዙ ሰዎች ከ100 95ቱ ያህል ሰውነታቸው ራሱ ታግሎ ያስወግደዋል። ቅጠል ቢጠጡም ባይጠጡም ይድኑ ነበር። ምስጋናው ግን ለቅጠሉ ይሄዳል። የቀሩት አምስቱ ዝም ብለው ይዘውት ይኖራሉ። ከ10፣ ከ20፣ ከ30 ዓመት በኋላ ጉበታቸው ጠባሳ እየሆነ ይሄዳል፤ አንዳንዶቹን ወደ ጉበት ካንሰር ይወስዳቸዋል። በጨቅላነቱ የተያዘ ልጅ ደግሞ የባሰ ነው፤ ከ100 90ዎቹ ቫይረሱ አይለቃቸውም። ትምህርት ቤታችን ውስጥ የሚሯሯጥ፣ ጤነኛ የሚመስል፣ እናቱም እሱም የማያውቁት ልጅ ሊኖር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ደግሞ ደስ የሚለውን ልንገራችሁ፤ ክትባት አለው።

ይህን ቀስ ብዬ ልናገር፤ ከዛሬው ወሬ ሁሉ ይህ እንዲቀርላችሁ እፈልጋለሁ። ኢትዮጵያ የሄፓታይተስ ቢን ክትባት በሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ ያስገባችው በ1999 ዓ.ም. ነው። አምስት በሽታን ባንድ መርፌ የሚከላከለው፣ እናቶች በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ልጃቸውን ይዘው ሄደው የሚያስወጉት ክትባት አለ አይደል? እሱ ውስጥ ነው ያለው። እንግዲህ አስቡት። ክፍል ውስጥ ያሉት ልጆች ከዚያ በኋላ የተወለዱ ናቸው። ክትባቱን ያልጨረሱ አሉ፤ ብዙዎቹ ግን ወስደዋል። እኛስ? እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጥነው ውስጥ ከ1999 ዓ.ም. በኋላ የተወለደ አለ? የለም። የሚወድቀው ልጅ ተከትቧል። ደሙን የሚጠርጉለት ሰዎች አልተከተቡም። ነገሩ የተገለበጠ ነው፤ ማንም ሆን ብሎ ያደረገው አይደለም፤ ጠያቂ ስላጣ ብቻ እንዲሁ ቀረ።

ለአዋቂ ክትባቱ ሦስት ጊዜ ነው። ዛሬ አንድ፣ ከአንድ ወር በኋላ አንድ፣ ከመጀመሪያው በ6ኛው ወር አንድ። ሦስቱን የጨረሰ ጤነኛ አዋቂ ከ100 ከ90 በላይ የሚሆነው ጥበቃ ያገኛል። አንዱን ወስዶ «ደህና ነኝ» ብሎ መቅረት የለም። ከመጀመሩ በፊት የደም ምርመራ ማድረግ ጥሩ ነው። ቫይረሱ ያለበት ሰው ክትባት አይጠቅመውም፤ የሚያስፈልገው የሐኪም ክትትል ነው። ለእሱም መድኃኒት አለ። አዲስ አበባ ላይ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚሁ ሕክምና የተዘጋጀ ፕሮግራም አለው። ሄፓታይተስ ሲ ክትባት የለውም፤ ግን ዛሬ በ2 ወይም በ3 ወር የሚጨረስ ኪኒን ይፈውሰዋል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልበል። የምርመራው ውጤት የሰውየው ነው። የዳይሬክተሩ አይደለም፣ የገንዘብ ቤቱ አይደለም፣ የእኔም አይደለም። እኔ የምይዘው ዝርዝር ማን ስንተኛ ክትባት ላይ እንደደረሰ ነው እንጂ ማን ምን እንዳለበት አይደለም። ቫይረሱ ያለበት መምህር ማስተማር ይችላል። ያለባት ሴት እንጀራ መጋገር ትችላለች። በምግብ አይተላለፍም።

የማይተላለፍበትን ቶሎ ልበልና ልለፍ። ሦስቱም በሽታዎች በመጨባበጥ፣ በመተቃቀፍ፣ በሳል፣ በላብ፣ በእንባ፣ አብሮ በመብላት፣ በሽንት ቤት መቀመጫ፣ በትንኝ ንክሻ አይተላለፉም። ደም ያልተቀላቀለበት ትውከትና ሽንትም ስጋት አይደለም፤ ለሌላ በሽታ ሲባል ግን እሱንም በጓንት ነው የምንጠርገው። ደም ራሱ ያልተቆረጠ፣ ያልተላጠ ጤነኛ ቆዳ ላይ ቢያርፍ ቆዳችሁ ይከላከላል፤ ታጠቡት፣ አለቀ። ችግሩ ደሙ መግቢያ ሲያገኝ ነው። ቁስል፣ ዓይን፣ አፍ፣ ወይም የሚወጋ ነገር።

እና እጃችሁን እዩት። አሁን፣ እዚሁ። መምህራን፣ ጠመኔ እጃችሁን አድርቆ ሰነጣጥቆታል። እትዬ፣ ጽዳት ላይ ነዎትና የእርስዎን በረኪና በልቶታል። ጋሼ የብረት በር ሲከፍቱ ሲዘጉ ይውላሉ። በጥፍር ሥር ያለች የተላጠች ቆዳ እንኳ በር ናት። ስለዚህ ጠዋት ሥራ ሳትጀምሩ ቁስል ያለው ሰው ክሊኒክ ይምጣ፤ ፕላስተር እለጥፍለታለሁ። ዘንድሮ ፕላስተር አያልቅብኝም። ቃሌ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ልጅ ነሰረው እንበል። መጀመሪያ ራሱ እንዲይዝ አድርጉ። ልጁ የራሱን ደም ቢነካ ምን ይሆናል? ምንም። አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ካሳያችሁት አፍንጫውን መቆንጠጥ ይችላል። ቁጭ ይበል፣ ወደ ፊት ጎንበስ ይበል፣ ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል ቆንጥጦ በአፉ ይተንፍስ፣ 10 ደቂቃ ሳይለቅ። ቀና በል የምንለው ነገር ይቅር። ደሙ ወደ ጉሮሮው ይወርድና ያስመልሰዋል፤ ያን ጊዜ በአንድ ፈንታ ሁለት ነገር ትጠርጋላችሁ። እናንተ ሶፍት አቀብሉት፣ አጠገቡ ሁኑ፣ አይዞህ በሉት። ጉልበቱ የተላጠ ልጅም ንጹሕ ሶፍት ይሰጠውና ራሱ ይጫነው፤ ቧንቧው ጋ ወስዳችሁ ራሱ ያጥበው።

ልጁ ትንሽ ከሆነና እናንተው መንካት ካለባችሁ ጓንት። በየክፍሉ፣ በየጥበቃ ቤቱ፣ ወጥ ቤትም፣ ሜዳም የሚሰቀል ትንሽ ቦርሳ አዘጋጅቻለሁ። ሁለት ጥንድ ጓንት፣ ሶፍትና ሁለት ፌስታል አለው። ስፖርት መምህራችን፣ ያንተ ወገብህ ላይ ትታሰራለች፤ የጠጠር ሜዳውን ነገር ታውቀዋለህ። ጓንቱ ቢያልቅ ፌስታል እጃችሁ ላይ አጥልቁ። እውነቴን ነው። ያልተቀደደ ፌስታል ከባዶ እጅ በብዙ ይሻላል። ያም ከሌለ ወፍራም የታጠፈ ጨርቅ በመካከል ይግባ። ደም ሲፈስ አይታችሁ ለመሮጥ አምስት ሰከንድ ብትዘገዩ ልጁ አይሞትም። እነዚያ አምስት ሰከንዶች ጓንት ለማጥለቅ ይበቃሉ።

መሬት ላይ የፈሰሰውን ደግሞ እንዲህ ነው። ልጆች እንዳይረግጡት አንድ ሰው ይቁም። ጓንት አድርጉ። ደሙ ላይ ሶፍት ወይም አሮጌ ጨርቅ ጣሉበት፣ ይምጠጥ። አንሱትና ፌስታል ውስጥ ክተቱት። ከዚያ ነው በረኪናው የሚመጣው። ብዙ ሰው ከላይ በረኪና ያፈስበትና ባንዴ ይወለውላል። ደም የበረኪናን ኃይል ይበላዋል፤ መጀመሪያ ደሙ መነሳት አለበት። መጠኑ፣ 5 ፐርሰንት ከሚለው በረኪና አንድ ኩባያ፣ ውሃ ዘጠኝ ኩባያ። በየቀኑ አዲስ ይበጠበጥ፤ ያደረ ብጥብጥ ጉልበት የለውም። ቦታው ላይ አፍስሱና 10 ደቂቃ ተዉት። ጠብቁ። ከዚያ ጠርጋችሁ በውሃ አለቅልቁ። በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ጨርቁን ባልዲ ውስጥ እየጨመቁ መልሶ መጥረግ የለም፤ የደም ጨርቅ ይጣላል። መጨረሻ ጓንቱ ይወልቃል፣ እጅ በሳሙና ይታጠባል። ጓንት አድርጌ ነበር ተብሎ መታጠብ አይቀርም።

እና እባካችሁ፣ መምህራን፣ ልጅ ልካችሁ ደም አታስጠርጉ። «አንተ፣ ሂድ መወልወያ አምጣና ጥረገው» የሚባለውን በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለተኛ እንዳላይ።

ስለሚወጋና ስለሚቆርጥ ነገር ትንሽ ልቆይ፤ ትልቁ አደጋ እሱ ነው። የተሰበረ መስታወት በእጅ አይለቀምም። መጥረጊያና ማፈሻ አለ። የቆሻሻ ፌስታል ከላይ በእጅ አይጠቀጠቅም፣ ወደ ሰውነት ተጠግቶም አይያዝም፤ ውስጡ ምን እንዳለ አታውቁም። ባለፈው ዓመት ከአንድ ክፍል ቅርጫት ውስጥ ስንት የምላጭ ስባሪ እንደወጣ እትዬ ያውቃሉ። ልጆቹ እርሳስ የሚቀርጹበት ነው። አንዷ ምላጭ ለሁለት ተሰብራ ከዴስክ ዴስክ ትዞራለች። አንዱን ቆርጣ ወደ ሌላው ትሄዳለች። ስለዚህ ዘንድሮ ምላጭ ክፍል አይገባም። መቅረጫ የሌለው ልጅ ከክሊኒክ ይውሰድ፤ ገዝቻለሁ፤ ከአንድ መርፌ ይረክሳል።

የስኳር ሕመም ያለበት ልጅም አለን። ኢንሱሊኑን ራሱ ይወጋል፣ ጎበዝ ነው። መርፌው ግን ክዳኑ ተመልሶ አይገጠምበትም፣ ቅርጫት ውስጥም አይገባም። ባዶ የ3 ሊትር የዘይት ጄሪካን ክሊኒክ አስቀምጫለሁ፤ የሚወጋ ነገር ሁሉ እዚያ ነው የሚገባው። ሲሞላ ታሽጎ ጤና ጣቢያ ይሄዳል።

ሌላም አለ፤ ይህን ስል የሚከፋው ሰው ቢኖርም እላለሁ። በአንዳንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ጸጉሩን ያሳደገ ወንድ ልጅ ይያዝና ራሱ ላይ በመቀስ ወይም በማሽን መስመር ይወጣለታል። ያው ማሽን ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው ይሄዳል። ልጁ ይታገላል፣ ቆዳው ይቆረጣል፣ የሚላጨውም ሰው እጁ ይቆረጣል። ልጁን ማዋረዱ አንድ ነገር ነው። ደም ማነካካቱ ሌላ ነው። እዚህ ግቢ እንዲህ ያለ ነገር እንዳይጀመር ዩኒት ሊደሮቹን እለምናለሁ። ለወላጅ ደውሉ።

ኬጂ ላይ ደግሞ ንክሻ አለ። ሞግዚቶቻችን ሳቁ! የነከሰ ልጅ ብዙ ጊዜ ቆዳ አይበሳም፤ ካልበሳ በሳሙና ታጥቦ ያበቃል። ከበሳና ደም ከታየ ግን ነካሹም ተነካሹም ወደ እኔ ይምጡ። የነከሰው ልጅ አፍ ውስጥ የሰው ደም ገብቷልና ሁለቱም ይታያሉ። የተነከሰችው ሞግዚት ከሆነችም እንደዚያው። «ልጅ ነው፣ ምን ያደርጋል» ብላችሁ እንዳታልፉት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አንድ ቀን ቢደርስስ? ደም ያለበት ነገር ወጋኝ፣ ደም ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ ቁስሌን ነካኝ። የመጀመሪያው ነገር ውሃ ነው። ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና እጠቡት። አትጭመቁት፣ አትፈትጉት፣ በረኪናም አልኮልም አታፍሱበት፤ ሥጋውን ይጎዳዋል እንጂ ቫይረሱን አያወጣውም። ዓይን ከሆነ በንጹሕ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ደጋግማችሁ አለቅልቁ። ከዚያ ወደ እኔ። እኔ ከሌለሁ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ያኔውኑ። የክፍለ ጊዜው መጨረሻ አይጠበቅም፣ ነገም አይባልም።

ለምን ይቸኮላል? ኤች አይ ቪን ከመግባቱ በፊት የሚያስቀር መድኃኒት አለ። ጤና ጣቢያ ፔፕ ብትሏቸው ይገባቸዋል። በሰዓታት ውስጥ ሲጀመር ነው የሚሻለው፤ ከ72 ሰዓት በኋላ አይሰጥም። ለ28 ቀን ይወሰዳል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም ያልተከተበ ሰው ከተጋለጠ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጀምር ሊያድነው ይችላል። ዓርብ ከሰዓት ተወግታ ሰኞ የነገረችኝ ሰው ነበረች። «ሰው ምን ይለኛል ብዬ» አለችኝ። 72 ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ደረስን። ሦስት ሌሊት ብቻዋን እንዴት እንዳደረች ሳስበው እስከ ዛሬ ይጨንቀኛል። ስልኬ ክሊኒኩ በር ላይ ተለጥፏል። እሑድም ይሁን ሌሊት ደውሉልኝ።

አሁን ከባዱ ጥያቄ። ሁሌም አንድ መምህር ቀስ ብሎ መጥቶ ይጠይቀኛል። «ሲስተር፣ የትኛው ልጅ እንዳለበት ብትነግሪን እኮ እንጠነቀቃለን።» ክፋት ኖሮት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ፈርቶ ነው። መልሴ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ አልነግርህም፣ ብነግርህም አይጠቅምህም። ብዙ ሰው ራሱ አያውቅም ብያችኋለሁ። አንድ ልጅ ብታውቅ ለእሱ ጓንት ታደርግና ለቀሩት ሠላሳ ዘጠኙ በባዶ እጅህ ትሄዳለህ። አደጋው ያለው ከማታውቀው ዘንድ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የኤድስ ፍርሃት በበረታበት ጊዜ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ለጤና ሠራተኞች ያወጣው መመሪያ ይህ ነበር። የማንንም ደም ሳይለዩ ሁሉንም አንድ ዓይነት መጠንቀቅ። እስከ ዛሬ ዓለም የሚሠራበት እሱ ነው።

ልጆች ደግሞ ያያሉ። ለአንዱ ብቻ ጓንት ስታደርጉ ክፍሉ በሙሉ ያነበዋል። በማግስቱ አጠገቡ የሚቀመጥ ይጠፋል። የዳይሬክተሩ ልጅም ቢወድቅ፣ የእኔም ልጅ ቢወድቅ ጓንት ከተደረገ ግን ጓንት ምንም አይናገርም። ኤች አይ ቪ በደሙ ያለ ልጅ የመማር መብት አለው፤ ዝም የማለት መብትም አለው። ወላጁ ለአንዳችሁ ምሥጢሩን ካካፈላችሁ እናንተ ጋ ይቅር፤ እኔም ጋ እንኳ ያለ እነሱ ፈቃድ አይምጣ።

ቨርጂኒያ የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለች። ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆች በሚማሩበት ክፍል ረዳት ናት። ሥራ በጀመረች ሰሞን ሦስቱን ክትባት በነጻ እንደሰጧት ስትነግረኝ ቅናት ያዘኝ። እዚያ አገር ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደንብ አለ። ሥራው ደም ሊያስነካው የሚችል ሠራተኛ ካለ አሠሪው በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ክትባቱን በነጻ ማቅረብ አለበት። ጓንቱም፣ በየዓመቱ የሚሰጠው ስልጠናም ከአሠሪው ነው። ወረቀቱ ላይ የሚጠየቀው «ነርስ ነሽ ወይ?» ሳይሆን «ሥራሽ ደም ያስነካሻል ወይ?» ነው። እኛም ብንሆን ባዶ እጃችንን አይደለንም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያዛል። በግል ትምህርት ቤት የምንሠራ ሰዎች በዚህ ሥር ነን። ስለዚህ እትዬ፣ ጓንት ስጡኝ ሲሉ ልመና አይደለም። መብትዎ ነው።

ለአስተዳደሩ ያቀረብኩትን ጥያቄ እናንተም እወቁት። ክትባቱ ለአዋቂ በግል ክሊኒክ በክፍያ ነው። ትምህርት ቤቱ እንዲከፍል ጠይቄያለሁ። ለሁሉም ባንዴ መክፈል ቢከብድ ተራውን እኔ አውጥቻለሁ፤ መጀመሪያ ጽዳቶች፣ ቀጥሎ የኬጂ ሞግዚቶች፣ ቀጥሎ ጥበቃዎችና ስፖርት መምህሩ፣ ከዚያ ወጥ ቤት፣ ከዚያ የቀረነው። መምህራን፣ መጨረሻ በመሆናችሁ ቅር እንደማይላችሁ አምናለሁ። ዳይሬክተራችን ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ተራዎች እሺ ብለዋል። ለሌሎቹ ገና እየተነጋገርን ነው፤ እኔ መጠየቄን አላቆምም፣ እናንተም አብራችሁኝ ጠይቁ። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የመጀመሪያዎቹን ይዤ ለምርመራ እሄዳለሁ። መታወቂያ ያዙ። ቁርስ ብሉ፤ መጾም አያስፈልግም።

ወሬው በቃ። አሁን ሁላችሁም ተነሱና ወደ ጠረጴዛው ኑ። ሳህኑ ላይ ያለው የቀይ ሥር ውሃ ነው፤ ከወጥ ቤት ነው ያመጣሁት። ጓንት አጥልቁ፣ ሁለቱንም እጃችሁን ንከሩ። ከዚያ ቀይ ሥሩ ቆዳችሁን ሳይነካ ጓንቱን አውልቁ። አንዱን ከአንጓው በታች ከውጭ ይዛችሁ ወደ ውስጥ እየገለበጣችሁ ሳቡት፣ በሌላው እጅ መዳፍ ጨብጡት። ከዚያ ባዶ የሆነውን ጣታችሁን በቀረው ጓንት ከውስጥ በኩል አስገቡና እሱንም ገልብጡት፤ አንዱ አንዱን ይውጠው። እጁ ላይ ቀይ የታየበት ሰው ይደግማል። እኔ ራሴ ስማር አራት ጊዜ ደግሜያለሁ።

እትዬ፣ ይምጡ፤ ከእርስዎ እንጀምር። ቀለበትዎን ያውልቁና እኔ ጋ ያስቀምጡት።